ሰማንያ ሁለት እርምጃ

አሰገደች ጡረታ በወጣች ሰሞን የሸዋ ሮቢት ሰው ምክር አላጓደለባትም። አንዱ ሱቅ ክፈቺ አላት፤ ሌላው ዶሮ አርቢ፤ ነፍስ አባቷ ገዳም ሳሚ አሏት። ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረችው ሴትዮ ግን ድንጋይ ለቀማ ወጣች። አዎ፣ ድንጋይ። ባሏ ካረፈ ወዲህ ቤቱ ዝም ብሎባታል፤ ሳምንቱም አልገፋ ብሏታል። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ ሰፊ ባርኔጣዋን ትደፋና መዶሻና ከረጢቷን ይዛ የትንሣኤ ባጃጅ ውስጥ ትገባለች። ከተማው መጀመሪያ ሳቀባት፣ ቀጥሎ አዘነላት፣ በመጨረሻ ለመዳት። ሰው የማይለምደው ነገር የለም።

ትንሣኤ የድሮ ተማሪዋ ነው። ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ቢሆንም እሷ ፊት ሲቆም አሁንም እጆቹን ወደ ኋላ ያጣምራል። በጂኦግራፊ ሁለት ጊዜ ወድቋል፤ እሷም መንገድ በሳተ ቁጥር ታስታውሰዋለች።

የሚሄዱት ወደ ግድቡ ነበር። ከከተማው ወደ ምሥራቅ፣ ግራሩ እየሳሳ አሸዋው እየበዛ በሚሄድበት ቆላ፣ ሁለት ሰዓት ያህል አቧራ ይቅማሉ። ግድቡ ለመስኖ ተብሎ የተሠራ ነው። ውሃው ተጠራቀመ፤ ቦዩ ግን አፉ ብቻ በሲሚንቶ ተለስኖ ቀረ፤ አፍ ብቻ ይዞ የቀረ ነገር በአገራችን ብዙ ነው። ክረምት ሲሞላ ባሕር ያክላል። ከኅዳር ወዲያ እየሸሸ ይሄድና በየካቲት ሰፊ የደለል መሬት ጥሎ ይቀመጣል። በዚያ መሬት ላይ የዚህ ማዶና የዚያ ማዶ ገበሬ ማሾ ይዘራል። አሰገደች ደግሞ ከውሃው ጠርዝ አጎንብሳ ጠጠር ትለቅማለች፤ ማር የሚመስል፣ ደም የቋጠረ፣ ለብርሃን ሲያነሱት ውስጡ የሚያሳይ። ቄሱ ስለ ሰማያዊቷ ኢየሩሳሌም ሲሰብኩ ኢያስጲድ፣ ኬልቄዶን እያሉ የሚጠሩትን እሷ በእጇ ይዛ ታየዋለች፤ ደስታዋም ይኸው ነበር።

አንድ ልማድ አላት። ያነሳችውን ድንጋይ ሁሉ በደብተር ትመዘግባለች፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከምን ስንት እርምጃ እንደሆነ። «አድራሻ የሌለው ድንጋይ ጠጠር ነው» ትላለች። ትንሣኤ ይህን ቃል መቶ ጊዜ ሰምቶታል።

ከውሃው በላይ ባለችው ጉብታ ላይ የበላይና የጌጤ ቤት አለ። መጀመሪያ የመጣች ቀን ፀሐይ ስታናውዛት አይተው አስገቧት፤ ከዚያ ወዲህ ሳይቀመጡ መሄድ የለም። በፍስክ ወተት፣ በጾም የማሾ ንፍሮ ይቀርብላታል። ልጃቸው ሐና የትምህርት ቤት ደብተሯን ይዛ ትጠብቃታለች። አሰገደች ለሰው ባትናገረውም፣ ሐሙስን የምትናፍቀው ለድንጋዩ ብቻ አልነበረም። በዓለም ላይ «ዛሬ ቆዩ እኮ» የሚላት ቤት ይህ ብቻ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በየካቲት ሁለተኛው ሐሙስ ነው። ውሃው ከልማዱ በላይ ሸሽቷል፤ ማሾ ገና አልተዘራም፤ ደለሉ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከቦዩ አፍ ወደ ምሥራቅ ስትራመድ አንድ ክብ ነገር ጀርባውን ብቻ ከመሬት አውጥቶ አየች። በመዶሻዋ ጫፍ ጫር ስታደርገው ከቅርፊቱ ሥር ሰማያዊ መስመር ታየ። አጌት የሚሉት ባለቀለበት ድንጋይ ነው፤ የሕፃን ራስ የሚያህል አጌት። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ስትለቅም ለኖረች ሴት ይህ ሎተሪ ነው።

ልብ ማለት ነበረባት። ድንጋዩ ቆሟል እንጂ አልተኛም፤ ጎርፍ ያመጣው ድንጋይ በጎኑ እንደሚተኛ ደግሞ ራሷ ስታስተምር ኖራለች። ዙሪያው በትናንሽ ጠጠር ተጠቅጥቋል። ደግሞስ በዚህ ዳርቻ እንዲህ ያለ ድንጋይ ሌላ የት አለ? ስትቆፍረው እንደ መንጋጋ ጥርስ አልነቀል አላትና ትንሣኤን ጠራችው።

«ቲቸር፣ ይሄ ነገር ሰው የተከለው አይመስልም?» አለ ጎንበስ ብሎ።

«አንተ በጂኦግራፊ ስንት ነበር ያመጣኸው?»

ትንሣኤ ቆፈረ። እሷም ወደ ቦዩ አፍ ተመልሳ እርምጃዋን ቆጠረችና ደብተሯ ላይ ጻፈች፦ «ከቦዩ አፍ ወደ ምሥራቅ ሰማንያ ሁለት እርምጃ። ትልቅ አጌት። ጎርፍ ያመጣው።» ስስት ዓይኗን ጋርዶት ነበር፤ ሌላ ስም የለውም።

በማግስቱ ድንጋዩን የመቃብር ሐውልት ለሚሠራው ለሄኖክ ወሰደችለት። ሄኖክ በእብነ በረድ መቁረጫው ለሁለት ገመሰው። ውስጡ ሰማያዊና ነጭ ቀለበት፣ ቀለበት በቀለበት ላይ ተደራርቦ፣ መሐሉ ላይ እንደ ስኳር የሚያብለጨልጭ ጎድጓዳ ነበረበት። ሄኖክ እንኳ፣ ሙታንን እንጂ ድንጋይን የማያደንቀው ሰው፣ ማሽኑን አጥፍቶ አየው። አሰገደች ሁለቱን ግማሾች ከባሏ ፎቶግራፍ ጎንና ጎን አቆመቻቸው።

ሁለት ሐሙስ ጉንፋን ይዟት ቀረች። በሦስተኛው ስትሄድ ጾሙ ገብቷል፤ የበላይ ቤት በር ገርበብ ብሏል፤ ጌጤ ዓይኗ ቀልቷል።

«መጥፎ ጊዜ መጡ፣ እትዬ» አለች ጌጤ። ንፍሮውን ግን አቀረበች። «የድንበሩን ድንጋይ ነቀሉት።»

«የምን ድንበር?»

ጌጤ ነገረቻት። ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት፣ ግድቡ በተሠራ ሰሞን፣ ውሃው ሸሽቶ በተወው መሬት የበላይ አባትና የማዶው የአብዱረዛቅ ወንድም ተጣልተው የአብዱረዛቅ ወንድም ሞተ። ሽማግሌ ገባ፤ የደም ካሣው ጉማ ተከፈለ፤ ደሙ ደረቀ። ከቦዩ አፍ ጀምሮ እስከ ድንበሩ ያለው ለበላይ ቤት፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ለአብዱረዛቅ ቤት ሆነ። ድንበሩ ላይ የሚቆመውን ድንጋይም ሽማግሌዎቹ ከላይ ከደብረ ሲና ገደል ሥር በአህያ አስመጡት። በዚህ አገር የሌለ ዓይነት ይሁን፣ ማንም በሌላ እንዳይለውጠው ብለው። ያን የተከሉት ሽማግሌዎች ዛሬ በሕይወት የሉም። ውሃው በየዓመቱ ደለል እያለበሰ መሬቱን መልክ አሳጥቶታል። ድንበሩን በግምት እንጂ በልኩ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ያውቅ የነበረው ድንጋዩ ብቻ ነው።

«አብዱረዛቅ በላይ ነቀለው ይላል። በላይ ደግሞ ራሱ ነቅሎ በእኔ ያላክካል ይላል። ባለፈው ቅዳሜ የአብዱረዛቅ የእህት ልጅ በላይን በዱላ ፈነከተው፤ ስድስት ቦታ ተሰፋ። የእኛዎቹ ጎረምሶች ደግሞ ይኸው ማታ ማታ ይመካከራሉ። ማክሰኞ ሽማግሌ ይቀመጣል። ሽምግልናው ካልያዘው፣ እትዬ፣ አለቅን።»

አሰገደች የዘገነችውን ንፍሮ ወደ ሳህኑ መለሰች። ያን ጊዜ፣ እዚያው መደቡ ላይ ተቀምጣ፣ «እኔ ነኝ» ማለት ትችል ነበር። አላለችም። ስለ ጾሙ፣ ስለ ሐና ፈተና ሁለት ሦስት ቃል ተናግራ ወጣች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ግን ለቅማ ነው ያፈሰሰችው።

አምስት ቀን ድንጋዩን እያየች ተቀመጠች። አጣዬ ስትቃጠል ከዚያ የሸሹ ዘመዶቿን ቤቷ አሳድራለች። የነገር መጀመሪያው አንድ ሰው፣ አንድ ጥይት፣ አንድ ወሬ ሊሆን እንደሚችል ያወቀችው ያኔ ነው። አሁን ደግሞ በቅርጿ ያማረች አንዲት ድንጋይ ልትሆን ነው። ሰኞ ዕለት ሁለቱን ግማሾች ገጥማ በሲባጎ አሰረቻቸው፣ በነጠላ ጠቀለለቻቸው፣ ደብተሯን ከረጢቷ ውስጥ ከተተች።

ማክሰኞ ጠዋት መንገድ ላይ ለትንሣኤ ነገረችው። ባጃጁን አቆመ።

«እኔም ቆፍሬያለሁ» አለ። «እኔም እናገራለሁ።»

«አንተ ያልኩህን ነው ያደረግኸው። የምናገረው እኔ ነኝ።»

«ደብተሩን ይዘዋል?»

«ይዣለሁ።»

«እንኳን ያዙ» አለና ሞተሩን አስነሳ። ቀሪውን መንገድ ፊቱ ቀለል ብሎት ነዳ።

ከሰዉ ቀድመው ደረሱ። አሰገደች ብቻዋን ወደ ቦዩ አፍ ወርዳ መቁጠር ጀመረች። በሰማንያ ሁለት እርምጃ ቆመች። እግሯ ሥር ያለው መሬት ታርሷል። ቀና ብላ የትልሙን መጨረሻ ፈለገችና መቁጠሯን ቀጠለች። የበላይ ትልም የሚቆመው በመቶ አራተኛው እርምጃ ላይ ነበር። ደግማ ተመልሳ ቆጠረች፤ ያው ነው። በላይ ድንጋዩን አልነቀለም። ድንጋዩ መጥፋቱን ባየ ጊዜ ግን ሃያ ሁለት እርምጃ ወደ ማዶው ገብቶ አርሷል። በዚህ አገር ሃያ ሁለት እርምጃ ደለል ማለት የአንድ ቤት የክረምት ቀለብ ነው። ያ ወተት የሚቀዳላት፣ ጥላ ውስጥ ካልገቡ ብሎ የሚቆጣት በላይ። አዘነች፤ በእሱም በራሷም።

ረፋዱ ላይ ሰዉ ከግራሩ ሥር ተሰበሰበ። የዚህ ማዶው በአንድ በኩል፣ የዚያ ማዶው በሌላ በኩል፣ መሐላቸው ሰው የሚያልፍበት ክፍተት ትተው ተቀመጡ። ጎረምሶቹ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። ከፊት የዚህ ማዶው ሽማግሌ ጋሽ ወንድሙ፣ አጠገባቸው የማዶው መንደር ሼህ ነበሩ።

በላይ ራሱ ላይ የተጠመጠመውን ነጭ ጨርቅ እየነካ ተነሣ። «እኔ ድንጋዩን አልነቀልኩም። የነበረው ደግሞ ዛሬ ትልሜ የቆመበት ነው። ከዚያ አንድ ጋት አልፌ ከሆነ ሐናን አላሳድጋት።»

ጌጤ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች።

አብዱረዛቅ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። «ወላሂ እኔ ልኩን አላውቅም» አለ። «ከቦዩ አፍ ሰማንያ እርምጃም ይሁን ሰማንያ አምስት። በላይ የቆመበት ግን አይደርስም። ለእኔ መሬቱ ብቻ አይደለም፤ ያ ድንጋይ አማና፣ አደራ ነው። የወንድሜን ደም የተውነው በሱ ነው።»

በዚያ ጊዜ አሰገደች ተነሣች። በክፍተቱ መሐል ሄዳ ነጠላውን ፈታችና ሲባጎውን በጠሰች። ሁለቱ ግማሾች በየጎናቸው ወደቁ፤ ሰማያዊው ቀለበት ፀሐይ መታው።

«እኔ ነኝ የነቀልኩት» አለች። «የድንበር መሆኑን አላወቅሁም። ማወቅ ግን ነበረብኝ። አምሮኝ ነቀልኩት፣ አምሮኝ አስቆረጥኩት። በላይም አልነካው፣ አብዱረዛቅም አልነካው። ባለፈው ሐሙስ ሰምቼ ዝም አልኩ፤ ለሱም ይቅር በሉኝ።»

ከጎረምሶቹ አንዱ ሳቀና ወዲያው አፈረ። በላይ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አብዱረዛቅ መጥቶ ሁለቱን ግማሾች አነሣ፤ ገጠማቸው፤ መጋዙ የበላውን ክፍተት በጣቱ ዳሰሰ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ዱላዎቹ ግን ከጉልበት ወደ መሬት ወረዱ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉ ጋሽ ወንድሙ። «እግዜር ይስጥዎ፣ ቲቸር። እንግዲህ አንድ ነገር ነው የቀረን። የነቀሉበትን ቦታ ያሳዩንና ሌላ ድንጋይ እንትከል።»

ደብተሩ ከረጢቷ ውስጥ ነበር። ገጹን እንኳ ሳትገልጥ ታውቀዋለች። ቀና ስትል ጌጤ እያየቻት ነው። ጌጤ አልለመነችም፣ አንገቷን አልነቀነቀችም። ባሏ የማለውን መሐላ ልኩን የምታውቅ ሴት አስተያየት ነው። ሐና ከእናቷ ኋላ ቆማለች።

አሰገደች ሰማንያ ሁለት ብትል ምን ይሆናል? በላይ ከሌብነቱ ነጻ በወጣ በዚያው ደቂቃ በልጁ በሐሰት የማለ ሰው ይሆናል። ጎረምሶቹ ዱላቸውን መልሰው ያነሡ ይሆናል። ይህን ሁሉ አሰበች፤ ስለ ሰላም ነው ብላ ራሷን አሳመነች። ከሥሩ ግን ሌላ ነገር ነበር፤ እሷም አላጣችውም። ያን ቁጥር ከተናገረች ያ ቤት ከእንግዲህ «ዛሬ ቆዩ እኮ» አይላትም።

«አላስታውስም» አለች።

ከኋላዋ የትንሣኤ እግር ጠጠር ሲረግጥ ሰማች። «ቲቸር» አለ በዝግታ፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ። «ደብተሩ...»

ዞር አለች። ሠላሳ አራት ዓመት ክፍል ጸጥ ያሰኘችበትን ዓይን አሳየችው። «ባጃጁ ፀሐይ ላይ ነው። ጥላ ውስጥ አስገባው።»

ትንሣኤ አያት። እጆቹን ወደ ኋላ ሊያጣምር ጀምሮ ተዋቸው። ከዚያ ሄደ፤ ባጃጁ ግን ጥላ ውስጥ ነበር፣ አጠገቡ ሄዶ ቆመ።

«በግምትስ?» አሉ ሼሁ።

«ሁሉም አንድ ዓይነት ደለል ነው። ሰማንያም ሊሆን ይችላል፣ መቶም።» እጇን ወዲያና ወዲህ አወራጨች። «አርጅቻለሁ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተመካከሩ። ልኩ ካልታወቀ ልማዱ ያው ነው፤ ሁለቱ የሚሉትን ወስዶ ለእኩል መክፈል። የበላይ ትልም ተቆጥሮ መቶ አራት ሆነ፤ ድንበሩ በዚያና በአብዱረዛቅ ግምት መሐል፣ ዘጠና ሦስተኛው እርምጃ ላይ እንዲሆን ፈረዱ። በላይ ቶሎ ብሎ እሺ አለ። ከማዶው በኩል ማጉረምረም ተነሣ፤ አንድ ጎረምሳ ጮክ ብሎ «ሴትዮዋ የነሱ ናት፣ ታስታውሳለች» አለ።

አብዱረዛቅ ወደ ልጁ ዞረ።

«አፍህን ያዝ» አለው። «እኚህ ሰው ድንጋዩን ቤታቸው አስቀምጠው ዝም ቢሉ ማን ያውቅባቸው ነበር? ማንም። ሁለት ሰዓት መንገድ ተሸክመው አምጥተው፣ በስንት ዱላ መሐል ቆመው፣ እኔ ነኝ አሉ። አማናችንን መለሱልን። እንዲህ ያለ ሰው አላስታውስም ካለ፣ አያስታውስም።» ወደ ሽማግሌዎቹ ተመለሰ። «እኩሌታውን ተቀብያለሁ።»

አሰገደች አሁን መናገር ትችላለች፤ አሁንም ጊዜ አለ። ከረጢቷ ትከሻዋ ላይ ከበዳት። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን «አላህ ያክብርልኝ» የሚል ምርቃት ነበር። አብዱረዛቅ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ተቀበላት።

አዲስ ድንጋይ ተፈለገ። አብዱረዛቅ ራሱ ሄዶ ከግድቡ ግንብ ሥር አንድ ጥቁር፣ ሸካራ፣ ከብት እንኳ የማይታከክበት ድንጋይ እያንከባለለ አመጣ። «ማንንም የማያምረው ይሁን» ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ከሁለቱም ወገን ሳቅ ተሰማ። በላይም ሳቀ። እርምጃው ተቆጠረ፤ ጉድጓዱ ተማሰ።

«የነቀሉት እርስዎ ነዎት፤ የሚተክሉትም እርስዎ ይሁኑ» አለ አብዱረዛቅ። ቀልድም ክብርም ነበረበት።

አሰገደች ተንበረከከች። ድንጋዩን አቅፋ ወደ ጉድጓዱ አስገባችው። አብዱረዛቅ ከወዲያ በኩል ተቀምጦ ድንጋዩ እንዳይዘነብል በሁለት እጁ ያዘላት። እሷ አፈር ትመልሳለች፣ እሱ ይጠቀጥቃል። ጣቶቻቸው አፈሩ ውስጥ ይነካካሉ። አሥራ አንድ እርምጃ መሬቱን በገዛ እጁ እየቀበረላት «ቀስ ይበሉ፣ ቲቸር፣ ወገብዎን» ይላታል።

ጋሽ ወንድሙ ተነሡ፤ ሰዉ ሁሉ አብሮ ተነሣ።

«ይህን ድንጋይ የነቀለ፣ ዘሩ ይነቀል።»

«አሜን» አለ የዚህ ማዶው። «አሚን» አለ የዚያ ማዶው።

«ይህን ድንበር የገፋ፣ ከርስቱ ይገፋ።»

«አሜን።»

ጌጤ የሐናን ራስ ወደ ሆዷ አስጠግታ በነጠላዋ ጆሮዋን ሸፈነችላት።

«የድንበሩን ልክ እያወቀ የደበቀ፣ ያወቀው አይጥቀመው፤ ቤቱ ሰው አይዝለቅበት።»

አሰገደች አሁንም እንደተንበረከከች ነበር፤ እጆቿ ከአብዱረዛቅ እጆች አጠገብ ድንጋዩ ላይ ናቸው። አሜን አለች። ድምፅዋ ከሰዉ ሁሉ ጎልቶ ወጣ፤ ክፍል ሙሉ ልጅ ፊት ስትናገር የኖረች ሴት ናት። ሁሉም አሜን አለ፤ በላይም አለ፣ ጌጤም በከንፈሯ አለች። አሜን ያላለው ባጃጁ አጠገብ የቆመው ትንሣኤ ብቻ ነበር።